በሮተርዳም በኩል

ሮተርዳም፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ አበጋዝ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረስዎ። እትዬ ለተብርሃንንም እንኳን አደረስዎ ይበሉልኝ። እኔ፣ አምላክ ይመስገን፣ በጤናዬ በኩል ምንም አልጎደለብኝም።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ለበዓል የምጽፍለት ሰው አልነበረኝም። ያኔ ለማጽናናት የላኩልኝን ደብዳቤ ትናንት እንደገና አነበብኩት። የእናቴ የአጎት ልጅ እንደሆኑ አውቃለሁ፤ በልጅነቴ አንዴ ብቻ ነው ያየሁዎት። ቢሆንም ልጻፍላቸው ብዬ ተነሣሁ። አስቸግሬ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ።

ፋሲካ እዚህ ባለፈው ሳምንት አልፏል። የኛን ቀን የሚያውቅ የለም። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ክፍሌ ውስጥ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አድርጌ ዋልኩ። የሚሉት ግማሹ አይገባኝም፤ ብቻ ሰው ያለ ይመስላል።

ሥራዬ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ ነው። የስፖርት አዳራሹንና የልብስ መቀየሪያ ክፍሎቹን አጸዳለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቹ ከኋላ ባለው ሜዳ አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ሆንክባል ይሉታል። አንዱ ትንሽ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ መትቶ እንደሚባረር ሰው ይሮጣል። አብዛኛውን ሰዓት ግን ሁሉም ቆመው ይጠብቃሉ። ምን እንደሚጠብቁ እስካሁን አልገባኝም። ይህን የምጽፍልዎ ሌላ ወሬ ስለሌለኝ ነው፤ ወረቀቱ ባዶ እንዳይቀር።

አክባሪዎ፣
ጥሩአየሁ ማንደፍሮ


ናዝሬት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለጥሩአየሁ፣

እንደምን ሰንብተሻል? የሰው አገር ብርድ አያግኝሽ። ደብዳቤሽ ደርሶን፣ እኔም እትዬሽም ደስታችን ልክ አልነበረውም።

ልጄ፣ ያየሽው ቤዝቦል ነው! ሆንክባል ይበሉት ምን ይበሉት፣ ቤዝቦል ነው። ይህንን ቃል ናዝሬት ውስጥ ለማን ልንገረው? ጎረቤቶቼ ኳስ ሲባል በእግር የሚመታውን ብቻ ነው የሚያውቁት።

አንቺ ገና ሳትወለጂ፣ አሥራ አምስት ዓመት አሥመራ፣ ቃኘው ጣቢያ፣ አሜሪካኖቹ ዘንድ ሠርቻለሁ። የገባሁት ሣር አጫጅ ሆኜ ነው። እግሩ ተሰብሮ የጨዋታ መዝገብ ያዥ ያደረጉት አንድ ሳጅን ነበር፤ ቁጥር እንደማይጠፋኝ አየና እርሳሱን ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ የወታደሮቹን ጨዋታ ሁሉ የመዘገብኩ እኔ ነኝ። እትዬሽ ለተብርሃን የዚያው የአሥመራ ልጅ ናት፤ ሰሌዳው ላይ ቁጥር ትሰቅል ነበር። እኔ ከታች እጠራለሁ፣ እሷ መሰላል ላይ ሆና ትሰቅላለች። «እንድወርድና እንድታናግረኝ ብለህ ስድስቱን ዘጠኝ አልከኝ» እያለች ሠላሳ አምስት ዓመት ስትከሰኝ ኖራለች። እውነቷን ነው።

ቆመው የሚጠብቁት ወርዋሪው እስኪሳሳት ነው። ዘጠኝ ዙር አለ። ወርዋሪው አራት ጊዜ ከመስመር ውጭ ከወረወረ መቺው ዱላውን ጥሎ በነጻ ያልፋል። ስለዚህ ጨዋታው ያለው በወርዋሪው ክንድ ላይ ነው።

አሁን ንገሪኝ። ስንት ኮሌጆች ናቸው? የእናንተው ስንተኛ ነው? ወርዋሪው ቀኝ ነው ግራ? ገንዘብም ልብስም አልጠይቅሽም። የጨዋታውን መዝገብ ቅጂ ብታገኚ እሱን ላኪልኝ። ለተብርሃን ከጎኔ ሆና «መጀመሪያ ሹራብ አላት ወይ ብለህ ጠይቃት» ትላለች። ጠይቄሻለሁ።

አባትሽ፣ አበጋዝ


ሮተርዳም፣ ግንቦት 13 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ አበጋዝና ለእትዬ ለተብርሃን፣

ጤና ይስጥልኝ። ሹራብ አለኝ፤ ሦስት።

መዝገቡን አብሬ ልኬያለሁ። ለማግኘት ግን ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ድፍረቱ ነው ያቃተኝ። እዚህ ስሠራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከሰላምታ በቀር ተማሪ አናግሬ አላውቅም። ወርዋሪው ሮቢ ይባላል። ከኩራሳው ደሴት የመጣ ልጅ ነው፤ እንደ እኔ ብርድ አይችልም፣ ሁለት ሹራብ ደርቦ ነው የሚለማመደው። መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ሄጄ ወረቀቱን ጠየቅኩት።

«አንቺ ሆንክባል ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«እኔ አላውቅም። የሚያውቁ ዘመድ አሉኝ።»

«የት?»

«ኢትዮጵያ።»

«ኢትዮጵያ ውስጥ ሆንክባል አለ?»

«አንድ ሰው አለ» ስለው ኮፍያው እስኪወድቅ ሳቀ። ከዚያ አምስቱንም ጨዋታ ፎቶ ኮፒ አድርጎ አመጣልኝ።

ስድስት ኮሌጆች ናቸው። እያንዳንዱ አሥር ጨዋታ አለው። እስከ ዛሬ አምስት አምስት ተጫውተዋል። አምስተርዳሞች አምስቱንም አሸንፈዋል። እኛ ሦስት አሸንፈን ሁለት ተሸንፈን ሁለተኛ ነን። «እኛ» ብዬ ጻፍኩ፤ አሁን ነው ያስተዋልኩት። ሮቢ ግራኝ ነው።

ሌላው ነገር፣ ሰሞኑን ሬድዮ ላይ ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ ድንበር ሰማሁ። ናዝሬት ከዚያ ሩቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እትዬ ለተብርሃን ትዝ አሉኝ። ደህና ናችሁ?

አክባሪያችሁ፣
ጥሩአየሁ


ናዝሬት፣ ሰኔ 2 ቀን 1990 ዓ.ም.

ልጄ ጥሩአየሁ፣

ሰላምሽ ይብዛ። መዝገቡ እጄ ከገባ አራት ቀኑ ነው፤ አራቱንም ቀን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ለተብርሃን ምሳ የምታቀርብበት ቦታ አጥታ ጭናችን ላይ ነው የምንበላው።

የልጁን ነገር ልንገርሽ። ሮቢ ጥሩ ወርዋሪ ነው፤ ግን አምስቱንም ጨዋታ ተመልከቺ። እስከ አምስተኛው ዙር በነጻ የሚያሳልፈው አንድ ሰው ወይም ሁለት ነው። ከስድስተኛው በኋላ አምስት፣ ስድስት ይሆናል። የተሸነፋችሁባቸው ሁለቱም ጨዋታዎች ያለቁት በሰባተኛው ዙር ነው። ክንዱ ይደክማል፤ እሱ ግን አይናገርም። አሰልጣኙ በስድስተኛው ላይ ሊያወጣው ይገባል። ይህን ካደረገ ዋንጫውን የመውሰድ ዕድላችሁ ከአሥር አራት ነው። ካላደረገ ከአሥር አንድ።

ስለጠየቅሽው ነገር፣ ደህና ነን። ለተብርሃን ሰሞኑን ከቤት አትወጣም። አንዳንድ ሰው ሰላምታ አሳጥሮባታል፤ እሷም የሰዎቹን መንገድ ታሳጥርላቸዋለች። እንዲህ ያለው ነገር ያልፋል። «የድንበሩን ነገር ለወንዶቹ ተይውና ሦስቱንም ሹራብ ልበሺ በላት» ብላለች።

አበጋዝ


ሮተርዳም፣ ሰኔ 19 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ አበጋዝ፣

እንዴት ከረሙ? እትዬ ለተብርሃንስ? ዛሬ የምሥራች አለኝ።

ያሉትን ለአሰልጣኙ ነገርኩት። ኼራርድ ይባላል፤ ሽበታም ሰው ነው። በመጀመሪያ ያዳመጠኝ በትሕትና ብቻ ነበር። ከዚያ እርስዎ ያሰመሩበትን ወረቀት አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ቆይቶ፣ «እኚህ ሰው የት ነው ያሠለጠኑት?» አለ። «ሣር ነበር የሚያጭዱት» አልኩት።

ቅዳሜ ዴን ኻግ፣ ሄግ ማለት ነው፣ ሄደን ከዚያው ኮሌጅ ጋር ነበርን። በስድስተኛው ዙር ሮቢን አወጣው። ሮቢ ጓንቱን መሬት ላይ ወረወረ፤ ግን 5 ለ 3 አሸነፍን። ከዚያ በፊት ያለውንም አሸንፈናል። አሁን አምስት አሸንፈን ሁለት ተሸንፈናል፤ አምስተርዳሞች ስድስት አሸንፈው አንድ። ሦስት ጨዋታ ይቀራል፤ እሱ ከዕረፍት በኋላ በመስከረም ነው። መዝገብ ያዡ ልጅ ፈተና ስላለበት ኼራርድ እርሳሱን ለእኔ ሰጠኝ። የመዘገብኩትን ወረቀት ለብቻ ልኬያለሁ፤ ስህተቴን ያርሙልኝ።

ጨዋታው ያለቀው በጊዜ ስለነበር በትራም እዚያው ከተማ ስኪልደርስዋይክ የሚባለው ሰፈር ሄድኩ። እዚያ በርበሬና ሽሮ የምንገዛበት ቤት አለ፤ ሻይም ይሸጣል። ድሮ የኛም የኤርትራም ሰው አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ከቦ ነበር የሚቀመጠው። አሁን ሁለት ጠረጴዛ ሆኗል፤ አንዱ በመስኮቱ፣ አንዱ በግድግዳው በኩል። ስገባ ሁሉም ቀና ብሎ የት እንደምቀመጥ አየኝ። በርበሬውን ገዝቼ ወጣሁ። ስለ ጨዋታው የምነግረው ሰው ፈልጌ ነበር የሄድኩት።

አክባሪዎ፣
ጥሩአየሁ


ናዝሬት፣ ነሐሴ 9 ቀን 1990 ዓ.ም.

ልጄ ጥሩአየሁ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። በመዘግየቴ አትቀየሚኝ።

መዝገብሽን አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነው። አራት አሸንፋችሁ ሦስት ተሸንፋችኋል። የሚቀረውን ሁለት ጨዋታ ካሸነፋችሁ ጥሩ ነው። ስለ ልጁ ክንድ ያልኩት እንዳለ ነው።

የስልክ ቁጥርሽን ላኪልኝ። አድራሻሽንም በትልልቅ ፊደል ጻፊው። ሌላ ሐሳብ አይግባሽ፤ እንዲኖረኝ ብዬ ነው።

እኔ ደህና ነኝ።

አበጋዝ


ሮተርዳም፣ ነሐሴ 22 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ አበጋዝ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ይህን እንደ ሰላምታ ሳይሆን እንደ ጥያቄ ይውሰዱልኝ።

ሐምሌ ላይ ቮኒንግ ደረሰኝ፤ በማዘጋጃ ቤቱ ወረፋ የሚሰጥ ቤት ማለት ነው። ከምዕራብ ሮተርዳም ኪራይ ክፍሌ ወጥቼ በስተደቡብ ሁለት ክፍል ያለው ቤት ገብቻለሁ። ደብዳቤዎ የሄደው ወደ ድሮው ነው። እዚያ የገባችው የኬፕ ቬርዴ ሴት ናት አስቀምጣ የሰጠችኝ። አዲሱን አድራሻና ስልኩን ከታች በትልልቅ ፊደል ጽፌያለሁ።

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ያሸነፍነው አምስት ነው፤ እርስዎ አራት ብለዋል። የሚቀረው ሦስት ጨዋታ ነው፤ እርስዎ ሁለት ብለዋል። ቁጥር እንደማይጠፋዎት አውቃለሁ። «ደህና ነኝ» ብለው ጽፈዋል፤ በሰኔው ደብዳቤዎ «ደህና ነን» ነበር ያሉት። እትዬ ለተብርሃንም ሰላም አላሉኝም።

ልጅዎ ካደረጉኝ ይንገሩኝ።

ጥሩአየሁ


ናዝሬት፣ መስከረም 5 ቀን 1991 ዓ.ም.

ልጄ ጥሩአየሁ፣

አዲሱን ዓመት የሰላም ያድርግልሽ።

ሐምሌ 8 ቀን ጠዋት ዝርዝር የያዙ ሰዎች መጡ። ስሟ ነበረበት። ትውልዷ አሥመራ ስለሆነ ወደዚያው ትሄዳለች አሉ። «ሚስቴ ናት» አልኩ፤ የጋብቻ ወረቀታችንን አመጣሁ። አንዱ ተቀብሎ አነበበና አጥፎ መለሰልኝ። «የእርስዎ ስም የለም፤ እርስዎ ይቀራሉ» አለኝ። ለተብርሃን የቤት ጫማ ነበር ያደረገችው። እንድትቀይር ጠየቅኳቸው፤ መኪናው ይጠብቃል አሉ።

አውቶቡሱ መስኮት ሥር ደረስኩ። ስልኩም ፖስታውም ወደዚያ እንደተቋረጠ ሁለታችንም እናውቃለን። ሸሚዜ ኪስ ውስጥ የነበረው የሰኔው ደብዳቤሽ ነው። ወረቀቱን አወጣሁና ፖስታውን ሰጠኋት፤ አድራሻሽ ከጀርባው አለ። «በሮተርዳም በኩል» አልኳት። እሷ ግን ያለችኝ «ጎረቤት እያየህ ነው፣ አታልቅስ» ነው።

ያልነገርኩሽ መጻፍ አቅቶኝ ነው። ስጽፈው እውነት የሚሆን መሰለኝ።

አሁን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ቤት እንደቀየርሽ ነግረሽኛል። የሰጠኋት የድሮውን አድራሻ ነው። ያችን የኬፕ ቬርዴ ሴት በእግዚአብሔር ስም ለምኚልኝ። የሚመጣ ነገር እንዳይጠፋ።

ጨዋታውንም ጻፊልኝ። ሌላ የማነበው የለኝም።

አበጋዝ


ሮተርዳም፣ መስከረም 24 ቀን 1991 ዓ.ም.

ጋሽ አበጋዝ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ከዚህ ጋር ያለውን ፖስታ መጀመሪያ ይክፈቱ። ከአሥመራ ነው። እኔ አልከፈትኩትም። የእኔን በኋላ ያነቡታል።

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ወደ ድሮው ቤቴ ሄድኩ። ሴትዮዋ ኔዘርላንድኛዋ ትንሽ ነው፣ የእኔም ያው ነው። የደብዳቤዎን ፖስታ አሳየኋትና ፊደሉን በጣቴ ነካሁ፤ «እንዲህ ያለ ጽሕፈት ከመጣ ደውይልኝ» አልኳት። ለምን ብላ ጠየቀችኝ። «ባልና ሚስት ናቸው» ስላት ቁጥሬን በሩ ላይ ለጠፈችው።

ትናንት ቅዳሜ ከአምስተርዳሞች ጋር የመጨረሻው ጨዋታ ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩትን ሁለት ጨዋታዎች አሸንፈናል፤ አምስተርዳሞች አንዱን ተሸንፈዋል። ሁለታችንም ሰባት አሸንፈን ሁለት ተሸንፈናል። ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። በሦስት ሰዓት ከቡድኑ ጋር አውቶቡስ ልሳፈር ስወጣ ስልኬ ጮኸ። «መጥቷል» አለች ሴትዮዋ። አውቶቡሱን ተውኩትና በሜትሮ ወደ ምዕራብ ሄድኩ። በሩን ከፍታ ደብዳቤውን በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

ከዚያ በባቡር አምስተርዳም ገባሁ። ሜዳው ስሎተርቫርት ነው፣ ዙሪያውን ፎቅ ቤት የከበበው። የደረስኩት በአራተኛው ዙር ነው፤ ስለዚህ የመዝገቡ የመጀመሪያ ሦስት ዙር በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ነው። 3 ለ 2 እየመራን ነበር። በስድስተኛው ኼራርድ ወደ እኔ መጣ። «ሽማግሌው ምን ይሉ ነበር?» አለኝ። ሮቢ ቆሞ ያየኛል። እንዳልናገር በዓይኑ ለመነኝ። «ይውጣ ይሉ ነበር» አልኩ።

አወጣው። በእሱ ፋንታ የወረወረው ልጅ በዘጠነኛው ዙር ሁለት ነጥብ ለአምስተርዳሞች ሰጠ። 4 ለ 3 ተሸነፍን።

ልጆቹ ዕቃቸውን ሲሰበስቡ እርሳሱን ይዤ ተቀምጬ ቀረሁ። ሮቢ ከሁሉም በኋላ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ክንዱ ላይ በረዶ አሥሯል። «ለሰውዬው ልክ ነበሩ በያቸው» አለኝ። «ከአምስተኛው ጀምሮ ጣቶቼ አይሰሙኝም ነበር።» እስከ ባቡሩ ሸኘኝ።

ለእትዬ ለተብርሃን ዛሬ ጽፌያለሁ፤ አዲሱን አድራሻና ስልኬንም ሰጥቻለሁ።

ልጅዎ፣
ጥሩአየሁ


ናዝሬት፣ ጥቅምት 12 ቀን 1991 ዓ.ም.

ልጄ፣

የዋልሽልኝን ውለታ የሚከፍልልኝ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

እህቷ ዘንድ ናት፣ አሥመራ። በሕይወት አለች። መንገዱ ስድስት ቀን ፈጅቷል። ስለ እግሯ አልጻፈችም፤ ስለዚህ እግሯን አሟታል ማለት ነው።

ስለ ጨዋታው። ልጁን ማስወጣታችሁ ትክክል ነበር። ትክክል አድርጎም መሸነፍ አለ፤ እኔ ይህን በመዝገብ ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ። በቤቴ ሲሆን ግን አዲስ ሆነብኝ።

ለእሷ የጻፍኩት አብሮ አለ። አልዘጋሁትም። መንገድ ላይ ቢጠፋ እንዲተርፍ አንቺ ዘንድ በእጅሽ ገልብጠሽ አስቀሪና ዋናውን ላኪላት።

አበጋዝ


ሮተርዳም፣ ኅዳር 3 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለአባቴ ለጋሽ አበጋዝ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዛሬ ሐሙስ፣ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኩ ጮኸ። ድምፁ ሩቅ ነው፤ በመሀል ይቆራረጣል። «ጥሩአየሁ ነሽ?» አለችኝ አንዲት ሴት። ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም፣ ግን አወቅኳቸው።

ከቴሌ ቢሮ ነው የደወሉት፤ ከኋላቸው ሰልፍ አለ። የእርስዎ ደብዳቤ ገና አልደረሳቸውም። «ቅጂው እዚህ አለኝ፣ ላንብብልዎ?» አልኳቸው። «አንብቢ» አሉ።

አነበብኩ። እኔ እንዲህ ያለ ቃል ለማንም ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አሉ?» ስል «አለሁ፣ ቀጥዪ» ይላሉ። ጨርሼ «አለቀ» አልኳቸው።

«አላለቀም» አሉኝ። «እሱ የሚጽፈው ሁልጊዜ ግማሹን ነው።»

ከዚያ ፈጠን ብለው፣ ሰው እየገፋቸው መሰለኝ፣ «ምን ይበላል? ማን ይሠራለታል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አልጻፉልኝም፣ እትዬ።»

«አንቺስ አልጠየቅሽውም?»

አልጠየቅኩም። ከሚያዝያ ጀምሮ ስንጻጻፍ ስለ ሮቢ ክንድ ገጽ ሙሉ ጽፌልዎታለሁ፤ ይህን ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩዎትም።

«ጠይቂውና ንገሪኝ» አሉ። «የታኅሣሥ የመጀመሪያው ሐሙስ በዚሁ ሰዓት እደውላለሁ።» መስመሩ ተዘጋ።

ስለዚህ፣ ጋሼ፣ ይህ እንደደረሰዎ በዚያው ቀን ይመልሱልኝ፣ እንዲደርስልኝ። ደህና ነኝ ብቻ ብለው አይጻፉ፤ እሳቸው አይቀበሉኝም። ዛሬ ጠዋት ምን በሉ? ማታስ?

ልጅዎ፣
ጥሩአየሁ